የእናቷ አስተርጓሚ

እናትየው በሰው አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራ ከአገሩ ቋንቋ የያዘችው አራት ቃል ብቻ ነበር፦ ያጥራል፣ ይረዝማል፣ ቆንጆ፣ ነገ። ልብስ አስተካካይ ነበረችና በነዚሁ አራት ቃላት ሱቅ ከፍታ፣ ደንበኛ አፍርታ፣ ልጅ አሳድጋለች። አብዝታ የምትጠቀመው «ነገ»ን ስለነበር የአገሯ ልጅ የሆነው ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው «እመት ነገ» የሚል ስም አወጣላት። እሷም አትቀየመውም፤ የሱ ጫማስ መቼ በቀኑ ደርሶ ያውቃል?

ከአራቱ ቃላት ውጪ ላለው ነገር ሁሉ ልጅቷ ነበረች። በሰባት ዓመቷ የሱቁን ውል ተረጎመች፤ በዘጠኝ ዓመቷ ከመብራት መሥሪያ ቤት ጋር ተሟገተች። አስተማሪዋ እናትየውን አስጠርታ «ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትለፈልፋለች» ብላ ስትከሳት እንኳ የተረጎመችው ራሷ ተከሳሿ ናት። «በጣም ጎበዝ ናት እያለች ነው» አለቻት። እናትየው ደስ ብሏት ለአስተማሪዋ ቀሚስ ሰፍታ ላከች።

እናትየው ከተቀበረች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ልጅቷ የሰውን ልብስ ለየባለቤቱ መልሳ ሱቁን ልታስረክብ በጠዋት ከፍታ ገባች። ሜትሩ ወንበሩ ላይ እንደተጣለ ነው። የስፌት መኪናው መርፌ አንድ የሱሪ እግር እንደነከሰ ቀርቷል። ከጣሪያው ሥር በተዘረጋው ብረት ላይ ሠላሳ የሚሆን ልብስ ተሰቅሏል። በእያንዳንዱ ላይ በስፒል የተያያዘ ወረቀት አለ። እናትየው የደንበኞቿን ስም መጻፍ ስለማትችል በራሷ ቋንቋ መልካቸውንና ጠባያቸውን ትጽፍ ነበር፦ «አፍንጫ ረጅሟ»፣ «የውሻው እናት»፣ «ሁልጊዜ የሚቸኩለው»፣ «ውፍረቷን የማታምነው»። ደንበኞቹ እንዲህ ተብለው እንደተመዘገቡ አንድም ቀን አላወቁም። ልጅቷ እያነበበች ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

የመጣችው ግን ለልብሱ ብቻ አልነበረም። እናቷ እንደምትሞት ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

ከስምንት ወር በፊት ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ «እናትሽ ዓመት አይቆዩም። ሥራውን ይተዉ፣ የሚወዱትን ሰው ሄደው ይዩ፤ ንገሪያቸው» አላት ልጅቷን። እናትየው ዓይኗን ከሐኪሙ ወደ ልጇ መልሳ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ባደገችበት ቤት ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። «ደምሽ አንሷል ነው የሚለው። መድኃኒቱን ከወሰድሽ ይሻልሻል» አለች። እናትየው እፎይ አለችና ለሐኪሙ በራሱ ቋንቋ «ቆንጆ» አለችው። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ልጅቷን አያት። ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች።

ለቅሶ ላይ ይህን ጉድ ለአንዲት ሴት ብትተነፍስላት፣ ሴትዮዋ አቅፋ «እናት እኮ ናት፤ ሆዷ ነግሯታል። እንዳትጨነቂ ብላ ነው ዝም ያለችው» አለቻት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ነፍሷን ያቆየችው በዚህች ቃል ነው። አሁንም መሳቢያውን የምትከፍተው፣ የተሰቀለውን የምትገላልጠው፣ «አውቄ ነበር» የሚል ምልክት ፍለጋ ነው።

ከልብሶቹ መጨረሻ ላይ ገበሩ በእጅ የተሰፋ ሰማያዊ ቀሚስ አገኘች። ወረቀቱ ላይ «ለእህቴ። ሲሻለኝ ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ» ይላል። ከሥሩ የተጻፈው ቀን ከሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ቀሚሱን እንደያዘች ጫማ ሰፊው ገባ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ብቻሽን? ብትጠሪኝ ምን ነበር?»

«ጋሼ፣ እማዬ ስለበሽታዋ የሆነ ነገር ብላህ ታውቃለች?»

«እኔ ነኝ እንጂ የጠየቅኳት! ክስት ስትልብኝ ጊዜ ‹አንቺ ሴት፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?› አልኳት። ሳቀችብኝ እኮ! ‹ከባድ ቢሆን ልጄ ትነግረኝ ነበር፤ እሷ አትዋሸኝም› አለችኝ። እንዲህ ነበር የምትኮራብሽ።»

ሊያጽናናት ነው ያለው፤ ምን ያውቃል ምስኪኑ! ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጅቷ ሜትሩን እንኳ ሳታነሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ስልኳ ጠራ። አክስቷ፣ አገር ቤት ያለችው የእናቷ ታላቅ እህት ናት። ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች።

«የኔ እናት፣ እህል ቀመስሽ?»

«አዎ አክስቴ» አለች። አልቀመሰችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት ሳስበው አደርኩ። እንደምትሞት ታውቅ ነበር?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ዓመት ያህል የሰለጠነ ምላስ አላት፤ የሚያመውን አስቀርቶ የሚያስደስተውን ያሻግራል።

«ታውቅ ነበር፣ አክስቴ። ተቀብላው፣ በሰላም ነው የሄደችው።»

አክስትየው ስትናገር ድምፅዋ ተለውጦ የሌላ ሰው መሰለ።

«እያወቀች? እያወቀች ነው ሳታየኝ የሄደችው? ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ መንገድ ሳይ ኖሬ... ምን በደልኳት?»

«ኧረ አክስቴ፣ እንደሱ አይደለም—»

«አንድ ስልክ እንኳ! ‹እህቴ፣ ደህና ሁኚ› ማለት አቃታት?»

ልጅቷ ሌላ ውሸት ፈለገች፤ ጠፋባት። የቀራት እውነቱ ብቻ ነው።

«አታውቅም ነበር» አለች። «አሁንም ዋሸሁሽ። ሐኪሙ ለኔ ነገረኝ፤ እኔ ደበቅኳት። ልትመጣልሽ ነበር፤ ሲሻለኝ እያለች ቀሚስ ሁሉ ሰፍታልሻለች። እኔ ነኝ የከለከልኳችሁ።»

አክስትየው አልጮኸችም፤ አልረገመችም።

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«ስምንት ወር ሆነው።»

«ስምንት ወር» አለች አክስትየው ቀስ ብላ። «ለሷ መንገሩ አቃተሽ፤ እሺ ልጅ ነሽ፣ ይከብዳል። ለኔስ? ለኔ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ቤቴን ሸጬም ቢሆን እመጣ ነበር እኮ!»

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። በስምንት ወር ውስጥ፣ በየሆስፒታሉ ወንበር ላይ፣ በእናቷ ራስጌ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ለአክስቷ መንገር አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቧ ዝር አላለም።

«አላሰብኩትም፣ አክስቴ» አለች።