የመምህር ስለዚህ ወጥመድ

ተማሪዎቹ «መምህር ስለዚህ» ይሉታል፤ ከጀርባው ነው ታዲያ። ሰውየው ያለ «ስለዚህ» አፉን አይከፍትም፤ ሻይ ሲያዝ እንኳ «ጠምቶኛል፤ ስለዚህ አንድ ሻይ» የሚል ዓይነት ነው። ቅጽል ስሙን እንዳልሰማ ያልፋል እንጂ በልቡ ይኮራበታል።

የሚያስተምረው ሎጂክ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ አንድን የ«ከሆነ» ዓረፍተ ነገር አገላብጦ ዘመዶቹን ማውጣት ያስተምር ነበር። ዋናው «ሽንኩርት ከላጠች ታለቅሳለች» ይበል። ሁለቱን ወገን ቦታ ስናለዋውጣቸው «ካለቀሰች ሽንኩርት ልጣለች» ይሆናል፤ ይህ ግልባጩ ነው። ቦታቸውን ሳንነካ ሁለቱንም ብናፈርሳቸው «ካልላጠች አታለቅስም» ይላል፤ ይህ አሉታው ነው። ዋናው እውነት ስለሆነ ብቻ እነዚህ ሁለቱ እውነት አይሆኑም፤ ሰው በስንት ነገር ያለቅሳል! ቦታም ለውጠን፣ አፍርሰንም የምናገኘው «ካላለቀሰች አልላጠችም» የሚለው ብቻ ነው ከዋናው የማይለይ። ይህ ሳይገባው ከእኔ ክፍል የሚወጣ የለም ብሎ ይፎክራል።

ለፈተናው ወጥመድ አጠመደ። ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ተማሪዎች መልኩ አንድ የሆነ ወረቀት አደለ፤ ግን የአንዱ ግልባጩን፣ የሌላው አሉታውን የሚጠይቅ። የቀዳ የጎረቤቱን መልስ ይጽፋላ! ማረም እንደጀመረ ወጥመዱ ያዘለት። የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማው፣ ግልባጩን ተጠይቃ አሉታውን ጽፋለች። ቁርጥ የጎረቤቷ መልስ። የቀሩትን ወረቀቶች እንኳ ሳያይ ተነስቶ ወደ ክፍል ሄደ።

«ተነሺ እስቲ። ከማን ቀዳሽ?»

«አልቀዳሁም መምህር።»

«የቀዳ ሰው የጎረቤቱን መልስ ይጽፋል። አንቺ የጎረቤትሽን መልስ ጽፈሻል። ስለዚህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ አለቀሰች። «እንባሽ ራሱ መሰከረብሽ» አላት። ይህን ያለው እንግዲህ ያው የሽንኩርቱ መምህር ነው።

አባቷ ተጠርቶ መጣ። ከጥድፊያው የተነሳ የልብስ መለኪያውን ሜትር ከአንገቱ ማውረድ ረስቷል። ልጁን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ «አሳፈረችኝ መምህር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። መምህሩም «ልጅ ናት፤ ትማርበታለች» አለና ደግ ሰው ሆኖ ሸኘው።

ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ወረቀቶች ማረም ቀጠለ። ከፊት ለብቻው የሚቀመጠው ባለመነጽሩ ልጅም ያንኑ ስህተት ጽፏል። ጎረቤት የሌለው ልጅ ከማን ይቀዳል? ቀጥሎ አንዲት ሌላ ልጅ፣ ከዚያም ሌላ። ባለመነጽሩን አስጠርቶ ጠየቀው።

«ግልባጭ ማለት ቦታቸውን ሳንነካ ሁለቱንም ማፍረስ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት እኮ» አለ ልጁ ግራ ተጋብቶ። «ያኔ ጥርስዎን ያመመዎት ቀን፤ ቦርዱ ላይ ጽፈውልናል።»

መምህሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ትዝ አለው። መንጋጋውን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ለመውጣት እየተጣደፈ፣ የሁለቱን ስም አቀያይሮት ነበር። መጽሐፉን ያመኑ ዳኑ፤ እሱን ያመኑ ወደቁ። በዚህ ላይ «ከቀዳች የጎረቤቷን መልስ ትጽፋለች» የሚለውን ገልብጦ «የጎረቤቷን መልስ ከጻፈች ቀድታለች» ብሎ ፈርዶባታል። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲቀጣበት የኖረውን ስህተት! እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

መጀመሪያ ማርኳን ዝም ብሎ አስተካክሎ ነገሩን ሊያዳፍነው ዳድቶት ነበር። ግን የአባትየው የተደፋ አንገት ፊቱ ላይ ድቅን እያለ አላስቀምጠው አለ። ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሄደ። ያም ቢሆን ጀግንነት አይባልም፤ በሰው ፊት ያዋረዳትን በጓዳ ይቅርታ ጠይቆ ለመገላገል ነው።

አባትየው ሱሪ ያጠባል፤ ልጅቷ ጥግ ይዛ ቁልፍ ትተክላለች። መምህሩ በር ላይ እንደቆመ የሆነውን ሁሉ፣ ጥርሱን ሳይቀር፣ ተናገረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሰይ!» አለ አባትየው ከደስታው ብዛት። «እኔ ድሮም ልጄን አውቃታለሁ! ኧረ ይቀመጡ!» ወንበር ሊያቀርብ ብድግ አለ።

«መምህር» አለች ልጅቷ ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ሌሎቹ ልጆች ባይሳሳቱ ኖሮ ያምኑኝ ነበር?»

ጥርሴን አሞኝ ነበር ማለት አይሆን፤ እሱን አስቀድሞ ብሎታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሊዋሻት አልቻለም።

«አላምንሽም ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ምንም አልጠየቀችውም። አባትየው ወንበሩን እንዳነሳ ቀረ፤ ፊቱ ቀላ።

«ነገ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ» አለ መምህሩ።

«እሺ» አለች። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሌላ ቁልፍ አነሳች። ሁለቱ አዋቂዎች፣ አንዱ ወንበር እንደያዘ፣ አንዱ በሩ ላይ እንደተገተረ፣ እርስ በርስ መተያየት አፍረው ቆሙ።