ለሜሳ የሚሉት መጠጥ

ዳሲቱ የቆሎ ቅርጫቷን ይዛ፣ ቃሊቲ የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር ወዳለው የፈለቀች ግሮሰሪ ገባች። አንድ ሾፌር ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«ፈለቀች! አንድ ለሜሳ!»

ዳሲቱ ደንግጣ ዞረች። ለሜሳ አንድ ልጇ ነው። ዛሬ ከሰዓት ተሳቢውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ይወጣል፤ ቤት ጓዙን ሲሸክፍ ትታው ነው የመጣችው። ፈለቀች ግን ቢራ፣ ቀይ ወይንና ስፕራይት በጆግ ደባልቃ አቀረበች።

«ይሄ ቱርቦ አይደል እንዴ?» አለች ዳሲቱ።

«ሌላ ሰፈር ቱርቦ ነው፤ እዚህ ለሜሳ ነው ማዘር!» ሾፌሩ ሳቀ። «ወይኑን እጥፍ ያስደረገው እሱ ነዋ። አንድ ጆግ ጭልጥ ያደርግና መሪ ይጨብጣል። እስከ ሞጆ ፍሬን የሚባል አያውቅም! በስሙ ጠራነው።»

«እትዬ ዳሲቱ፣ ይተዉት፣ ሲቀልድ ነው» አለች ፈለቀች አንገቷን ደፍታ።

ዳሲቱ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። የለሜሳን አባት የገደለው ሰክሮ የሚነዳ ሰው ነበር። ልጁ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት «አቦን! ጠብታ አልቀምስም» ብሎ ምሎላታል። እሷም አምናው ኖራለች።

«ለኔም በሃይላንድ ደባልቂልኝ» አለች። ፈለቀች እያፈረች ቀዳችላት።

ቤት ስትደርስ ለሜሳ ጫማውን ያስራል። የመኪናው ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። መጠጡን በብርጭቆ ገልብጣ ፊቱ አኖረችው።

«በስምህ የሚሸጥ ነው አሉኝ።»

«ኧረ እማዬ! የሾፌር ወሬ ሰምተሽ ነው? እኔ ምኑንም አላውቀው።» ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየውና ሳቅ አለ። «ደሞ ይሄ የኔው አይደለም፤ ወይኑ አንሷል።»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ብርጭቆውን ቶሎ መልሶ አስቀመጠ። ዳሲቱ ቁልፉን አንስታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ጭነቱ እኮ ይጠብቀኛል! ያባርሩኛል!»

«ያባርሩህ።»

ከሜዳው የጓደኞቹ መኪናዎች ጡሩምባ ነፉ። ዳሲቱ በሩን ዘግታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ለሜሳ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ጡሩምባው እየራቀ ሄዶ በደብረ ዘይት መንገድ ጠፋ።

«ዛሬን አስቀረሽኝ» አላት። «ነገስ?»

ቁልፉን በነጠላዋ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።