የባቡሩ ሁለት ጭስ ማውጫዎች

«ጓ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ባቡሩ የሚሉት ሾፌር መጀመሪያ ሰው ያጨበጨበለት ነበር የመሰለው። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ቢያይ ግን የሚያጨበጭብ የለም። ከጋቢናው ጀርባ እንደ ቀንድ የቆሙት ሁለት አዳዲስ ጭስ ማውጫዎች የብየዳ ቤቱን በር አግዳሚ ብረት ገጭተው ቀርተዋል። የፒካፗ አፍንጫ ውጭ ነው፣ ጅራቷ ውስጥ። በያጁ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

«ወደ ኋላ መልስና ሞተሩን አጥፋ» አለው። «እኔም ትንሽ ልቀመጥ።»

ባቡሩ መልሶ አቆመና ወረደ። አየ። ምናልባት ከወዲያ በኩል ሲታይ ይሻል እንደሆነ ብሎ መኪናዋን ዞሮ አየ። አልተሻለም። ቱቦዎቹ ከአግዳሚው ብረት አራት ጣት ይበልጣሉ።

ይህ ሰው ባቡሩ የተባለው በራሱ አፍ ነው። ከዓመታት በፊት ከሐዲድ የወጣ ፉርጎ በዚህችው ፒካፕ ጎትቼ መለስኩ ብሎ አወራ። በዓመቱ ፉርጎዎቹ ሰባት ደረሱ። ባለፈው ሰሞን ሲያወራውማ ሙሉ ባቡር ሆኖ፣ ተሳፋሪዎቹ ከእንቅልፋቸው እንኳ ሳይነቁ ነው የመለሳቸው። ሰፈሩ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ረስቶ ባቡሩ አለው፤ እሱም ወደደው። ችግር የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የጭነት መኪኖች መቆሚያ ላይ አንድ የአሸዋ መኪና ሾፌር ጎንበስ ብሎ የፒካፗን ሆድ ዕቃ አየና፣ «ባቡር ነኝ እያልክ ጭስ ማውጫህ እንደ ድመት ጅራት ከታች ምን ይሠራል?» ብሎ አሥር ሰው አሳቀበት። ባቡሩ ሦስት ቀን እህል አልወረደለትም። በአራተኛው ቀን በያጁ ዘንድ ሄዶ፣ ወደ ሰማይ የሚተፋ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ቱቦ አዘዘ።

«ለክተህ ነበር አይደል?» አለ ባቡሩ።

በያጁ ሁለቴ ለክቷል። ትናንት ከሰዓት መኪናዋን እዚሁ በር ሥር አቁሞ፣ ከጭነት ወለሏ እስከ አግዳሚው ብረት ለክቶ፣ ለመተንፈሻ አንድ ጣት ቀንሶ ነው ቱቦውን የቆረጠው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በቆረጠው ልክ በየደው። አሁን ሜትሩን ዘረጋ፣ ቱቦውን ለካ፤ ቱቦው ትናንት የነበረውን ያህል ነው። በሩን ለካ፤ በሩም ያው ነው።

«እንግዲያው መኪናዋ ናት ያደገችው» አለ ባቡሩ።

ቆርጦ ማሳጠር ቀላል ነበር፤ ግን የመጨረሻው ብየዳ እንዳለቀ መብራት ሄዷል። መቁረጫው በመብራት ነው የሚሠራው። ጎማ አስተንፍሶ ማውጣትም ይቻል ነበር፤ የጎማ መንፊያውም በመብራት ነው። አግዳሚውን ብረት እንንቀለው እንዳይባል ከላይ ፀጉር ቤት አለ፤ ብረቱ ቢነቀል ፀጉር ቆራጩ ከነደንበኛው ነው እታች የሚወርደው። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል።

ባቡሩ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ዚፕ ስትቀይርና ሱሪ ስታሳጥር ኖራ፣ ዘንድሮ ገና ከሆስፒታል ትልቅ ሥራ አገኘች፤ ሦስት መቶ ነጭ አንሶላ። ስድስት ሳምንት ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ ሰፍታ ጨርሳለች። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት መጋዘን ከገባ የዓመቱ ሥራ የእሷ ነው፤ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል። ትናንት ማታ ሌላ መኪና ልጥራ ወይ ብትለው፣ እኔ እያለሁ ብሎ ተቆጣ። እሷም አንሶላ እያጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል ነበር የመለሰችለት። «እሺ። ይህን አንዱን እንኳ እንዳልከው አድርገው። ካልሆነ ከእንግዲህ ሥራዬን ባንተ መኪና አላስጭንም፤ ወሬህንም አልሰማም።»

ስለ ጭስ ማውጫው አልነገራትም። የጭነት መከለያው ስፖንዳ ላልቷል፣ አስጠብቄ ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብሎ ነው ከቤት የወጣው። ይባስ ብሎ፣ ቱቦ የሚባል ነገር እቤታቸው አንድ ዓመት ሙሉ ሲነሳ ኖሯል። ጨርቅ ታጥፎ ስለሚመጣ ይጨማደድባታል፤ ጠቅልላ የምትተረትርበት ረጅም ቱቦ አምጣልኝ ብላ ለምናዋለች። ነገ፣ ነገ ሲላት ከርሞ ለራሱ ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት አገኘ።

ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት።

«መንገድ ላይ ነኝ» አላት።

«የትኛው መንገድ?»

የመንገዱን ስም ገና ሲያማርጥ፣ ፀጉር ቆራጩ ከላይ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ባቡሩ፣ ያ ቱቦህ ወጣ ወይስ እንደተቀረቀረ ነው?» አለ። ጎረቤት ሁሉ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው ያለው።  ስልኩ ተዘጋ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ መጣች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሁለት መርፌ ደረቷ ላይ ተሰክቷል። በሩ ላይ ቆማ ከታች ወደ ላይ ቱቦዎቹን ተመለከተች። በያጁ አስቸኳይ ሥራ ያገኘ ይመስል መሬት ላይ ብሎን መልቀም ጀመረ።

ባቡሩ አፉን ከፈተ። ወሬው ዝግጁ ነበር፤ አዲስ ደንብ ወጥቶ፣ ናፍጣ መኪና ሁሉ በግድ ወደ ላይ ይተንፍስ ተብሎ፣ እሱን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው...

«ዋሽተህ እስክትጨርስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለች። «ስድስት ሰዓት ሊሞላ ስለሆነ ነው።»

ወሬውን ተወው። በዕድሜው እንዲህ ያለ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም። «ስለሳቁብኝ አስተከልኩ። ትናንት ሲሚንቶ ላደርስ ሳልፍ ለካነው፣ ልክ ነበር። ዛሬ አልወጣ አለ። ስፖንዳው አልላላም።»

እሷ የሰማችው አንዱን ቃል ብቻ ነው። «ስትለኩት ሲሚንቶው ላይዋ ነበር?»

«አሥራ ሁለት ከረጢት።»

ዞር ብላ በያጁን አየችው። በያጁ ብሎን መልቀሙን ተወ።

«እኔ ዘንድ ልብስ የሚያሰፉ ወንዶች አሉ» አለች። «ስለካቸው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ልብሱ ሲደርስ አልዘጋ ይላል፤ ከዚያ ሰፊዋን ይሰድባሉ። እናንተም መኪናዋን ሆዷን አስገብታ ለካችኋት። ጭነቱ ሲወርድ ከሥሯ ያለው ሞላ፣ ባሌስትራው፣ ከፍ አደረጋት። በሉ ሲሚንቶውን መልሱና ትውጣ።»

ሲሚንቶው ግን ትናንቱኑ ተቦክቶ ግድግዳ ሆኗል። በያጁ የቤቱን ብረታ ብረት ሁሉ ቢጭን አንድ ጣት እንኳ አልወረደችም። ባቡሩ ውጭ ወጣና መንገዱን ወዲያና ወዲህ ቃኘ። ከዚያ እዚያ ሰፈር ተሰምቶ የማያውቅ ልመና ለመነ፤ ከባድ ሰው ያለህ።

መጀመሪያ ፀጉር ቆራጩ ወረደ፤ ከነደንበኛው፤ ደንበኛው ግማሽ አናቱ የተላጨ፣ ግማሹ ገና ነው። ባለ ሉካንዳው ሽርጡን አውልቆ መጣ፤ እሱ ሲወጣ ባሌስትራው አቃሰተ፣ ሰዉም አብሮ። ከግንባታ የሚመለሱ ሦስት ግንበኞች፣ ጋዜጣውን ያላጠፈ ጡረተኛ አስተማሪ፣ መንገድ ሊጠይቅ የቆመ አንድ እንግዳም ተጨመሩ። በያጁ በመሰላል ወጥቶ ሜትሩን ይዞ በየሰው ልክ ያስታውቃል፤ ሩብ ጣት፣ ሩብ ጣት፣ ግማሽ ጣት።

አትክልት ሻጯ ሴትዮ ስትወጣ ፀጉር ቆራጩ ስንት ኪሎ እንደሆነች ጠየቃት።

«ስልሳ» አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

መኪናዋ አንድ ጣት ተኩል ወረደች። በያጁ ሜትሩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ያየውን ዋጠ። «ልክ ነው እትዬ» አለ፤ «ስልሳ ነው።»

ዘጠኝ ሰው ሆኑ። የቀረው ግማሽ ጣት ነው፤ መንገዱ ላይ ግን ሌላ ሰው አልተገኘም። ባቡሩ መሪውን ይዞ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያያል። ሚስቱ ሰዓቷን አየች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ ጫማዋን ጎማው ላይ አስረግጣ ወጣችና ባለ ሉካንዳው አጠገብ ቆመች። ሥራዬን ባንተ መኪና አላስጭንም ያለች ሴት ራሷ ተጫነች።

«ቀስ ብለህ» አለችው። «እንቁላል እንደጫንክ።»

ፒካፗ ወጣች። በቱቦዎቹ አፍና በብረቱ መካከል ወረቀት ቢገባ ነው። ከበሩ እንዳለፉ ባለ ሉካንዳው እልል አለ፤ ባቡሩም የደስ ደስ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ነዳጁን ረገጠ። ሁለቱ ቱቦዎች አስነጠሱ። ጥቁር ጭስ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ ፀጉር ቤቱ በረንዳ ላይ ተሰጥተው በነበሩ ስምንት ነጭ ፎጣዎች ላይ አረፈ፤ የቀረው እየተንሳፈፈ ወርዶ የደንበኛውን ግማሽ መላጣ ራስ ቀባው። ፀጉር ቆራጩ ፎጣዎቹን ቆጠረ፣ ከዚያ የደንበኛውን ራስ ዳበሰና፣ «ይኸ ወገን ፀጉር ያበቀለ መሰለ» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁለቱ በቀር። ባልና ሚስት እኩል ጥቁሩን ፎጣ አይተው እኩል ያሰቡት ሦስት መቶውን ነጭ አንሶላ ነው።

«ሸራ ስጠኝ» አለው ባቡሩ በያጁን፤ ሳይጠየቅ።

የተጫነው ሰው ወርዶ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ አንሶላዎቹ ከቤት ተጫኑ፣ በሁለት ድርብ ሸራ እንደ ሕፃን ተጠቀለሉ። ጭሱ የሚመጣው ነዳጅ ሲረገጥ ነው። ስለዚህ ባቡሩ አልረገጠም። ሰማይ ሊያንቀጠቅጥ የነበረው ሞተር ጉንፋን እንደያዛት ድመት እያንኮራፋ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በመንገዱ ጥግ ጥግ ሄደ። ብስክሌት አለፋቸው። አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ አለፋቸውና ዞሮ አዘነላቸው። ከዚያ ከኋላ ክላክስ ጮኸ፤ የአሸዋው መኪና ነው። ሾፌሩ ጎን ለጎን ሆኖ አንገቱን አወጣ፣ ቱቦዎቹን አየ፣ ፍጥነታቸውን አየ።

«ባቡሩ፣ ጭሱ የታል?»

ባቡሩ እግሩን ነዳጁ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቢጫነው አንድ ጥቁር ደመና ለዚያ ሰውዬ ፊት ይበቃል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ወደ ፊት ነው የምታየው። እግሩን አነሳ።

«ቤት ረስቼው ነው» አለው። የአሸዋው መኪና ስቆባቸው ሄደ።

ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሆስፒታል ደረሱ። የመጋዘኗ ኃላፊ፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት፣ ሸራውን ገልጣ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች፤ ነጥብ የለባቸውም። ከፈረመች በኋላ ለምን ለመጨረሻ ደቂቃ እንደዘገዩ ጠየቀች። ባቡሩ እንደወትሮው አፉን ሊከፍት ሲል ወሬ ፈለገ፤ የሚያስፈልገው አልነበረም። የሆነውን እንደሆነ ነገራት፤ ሲሚንቶውን፣ በሩን፣ ባለ ሉካንዳውን፣ ግማሽ ራሱን የተላጨውን ሰውዬ፣ ስልሳ ኪሎዋን ሴትዮ። አንድ ሰው እንኳ አልጨመረም።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። «እናንተ ሾፌሮች» አለች፤ «ውሸት እንኳ ስትዋሹ ልክ አታውቁም።»

የባቡሩ ቅስም ተሰበረ። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሙሉ እውነት ተናግሮ ያመነው ጠፋ።

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ። «አሥረኛዋ እኔ ነበርኩ።»

በመልሱ መንገድ ላይ ባቡሩ ሁለት ጊዜ ለብቻው ፈገግ አለ፣ እሷም ሁለቱንም ጊዜ አይታ እንዳላየች ሆነች። ብየዳ ቤቱ ሲደርሱ መብራት መጥቷል። ፒካፗን ደጅ አቆማት። በያጁ መቁረጫውን ይዞ ወጣ፤ ፊቱ ላይ እፍረትና ሳቅ ተቀላቅሏል። ከሁለቱም ላይ አምስት አምስት ጣት ልቀንስ ወይ አለው።

ባቡሩ ቱቦዎቹን ቀና ብሎ አያቸው። ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫሉ፤ እንደዚያ ያማረ ነገር ኖሮት አያውቅም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከሚስቱ አንገት ላይ የልብስ ሜትሯን ወሰደ፣ መኪናዋ ላይ ወጣና የቀኙን ቱቦ ራሱ ለካ።

«የጨርቅሽ ስፋት ስንት ነበር?»

«አንድ ሜትር ከስልሳ» አለች።

«ይኼ አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ነው።» ወደ በያጁ ዞረ። «ቀኙን ከሥሩ ቁረጠው። ጫፉን አለስልሰው፣ ጨርቅ እንዳይዝ። ግራውን ከጋቢናው እኩል አድርገህ አፉን ወደ መንገድ አዙረው።»

«አንድ ብቻ ሊቀር?» አለ በያጁ።

«ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ ባቡር የት አይተህ ታውቃለህ?» አለና ሜትሩን ጠቅልሎ ለሚስቱ መለሰላት። «ደግሞ ከመቁረጥህ በፊት እንደገና ለካ። ባዶዋን።»