የአያቴ ሁለተኛ ሞት

እህቴ ሁይሹ ያን ማለዳ የጋሪውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ስታየኝ፣ ያደረግሁትን ታውቅ ነበር? እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

አያቴ የሞተችው በሁለተኛው ወር በስምንተኛው ቀን፣ የማሽላ አጥሚቷን ጠጥታ እንደጨረሰች ነው። አባቴ ዐይኗን ከደነ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ በጣቶቹ ቀን ቆጠረ። ለንጉሠ ነገሥቱ ሚስቶች የሚመረጡበት ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«እማዬን ትንሽ አሟታል» አለ። «የምትሞተው በአስራ አምስተኛው ቀን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሰባት ዓመት ፈረንሳይ አገር የመርከብ ሥራ ተምሬ የተመለስኩት እኔ እንኳ አልሳቅሁም።

እንደኛ ያለ፣ ቻይናን ከሚገዛው የማንቹ ዘር የሆነ የወታደር ቤት ሴት ልጁን ለቤተ መንግሥት ምርጫ ሳያቀርብ መዳር አይችልም። እናቱ የሞተችበት ሰው ደግሞ ከሹመቱ ወርዶ ሃያ ሰባት ወር ያዝናል፤ ልጁንም ወደ ምርጫው አይልክም። ሁይሹ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ምርጫው በሦስት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ይሄኛው ካለፋት ለሚቀጥለው ዕድሜዋ ያልፋል፤ ነፃ ትወጣለች። አባቴ ግን የቤተ መንግሥቱ የመብራት ዘይት ግምጃ ቤት ምክትል ሹም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘይት ዘይት ሲሸት ኖሮ የንጉሥ አማት መሆን አማረው።

ሐኪሙ በየቀኑ ይመጣ ነበር። በሽተኛዋ ሴት ከሆነች ፊቷን አያይም፤ ከመጋረጃው ጀርባ እጇን ብቻ ትዘረጋለታለች። አባቴ የልብስ አጣቢዋን እጅ አስዘረጋ። ሐኪሙ ዐይኑን ጨፍኖ የሃያ ዓመት ልጃገረድ የደም ሥር ካዳመጠ በኋላ፣ እመቤቲቱ ዛሬ በጣም ተሽሏቸዋል ብሎ ጊንሰንግ የሚባለውን የሚያጠነክር ሥር አዘዘ። ጅል የነበረ አይመስለኝም። ከጅል የባሰ ጨዋ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ብርዱ እንዲገባ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አያቴ ከሁላችንም ይልቅ ክብሯን ጠብቃ ተኝታለች።

አያቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን ሁይሹ ዕቃ ቤት ድረስ ተከትላኝ ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀዩ ሰንደቅ የት እንዳለ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ግቢው ውስጥ ቀይ ሰንደቅ በረጅም እንጨት ይቆማል። ጎረቤት አንዴ ካየው በኋላ የትኛውም አባት መልሶ አያወርደውም።

«እንግዲያው አቁምልኝ» አለች። «እኔ ባቆመው አብዳለች ብለው ይነቅሉታል። አንተ የቤቱ ወንድ ልጅ ነህ።»

ምናልባት እዚያ ይደላሽ ይሆናል አልኳት፤ ለማለት ያህል።

«እዚያ የገባች ሴት እናቷ ብትሞት እንኳ አትወጣም። ንጉሡ እንደሆነ ስሜንም አያውቀው። አርባ ዓመት ጫማ እየጠለፍኩ ልጠብቀው?»

እሺ አልኳት። እንጨቱን አወጣሁ፤ አቧራውንም ጠረግሁ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። በደቡብ ወደብ የመርከብ ሥራ ሹመት እጠብቅ ነበር፤ ሹመቱ ደግሞ አባቴ ለአንድ ትልቅ ሰው በሚናገራት አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴን ከልቤ እንቅ ነበር፤ ከአፉ የምትወጣውን ቃል ግን እንደ ውሻ እጠብቅ ነበር። እንጨቱን መልሼ አስቀመጥኩትና ብልህ ነገር አሰብኩ። የተማረ ሰው ሲፈራ ብልህ ይሆናል።

አጎቴ ጉይአን የአባቴ ታናሽ ነው። ከግቢው ማዶ ይኖራል። ከውጭ ስመለስ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚነጋገሩት በሰው ፊት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የእሱም ልጅ ሩይፋንግ ለዚያው ምርጫ ልትቀርብ ነው፤ ስለዚህ አያቴ የሞተች ቀን በእጅጌው አፉን አፍኖ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰና በመደበቁ ተስማማ። ሁሉም አንድ ነገር ረስተዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አጎቴ ልጅ ለሌለው ዘመድ ማዕረጉን እንዲወርስ በጉዲፈቻ ተሰጥቶ ነበር። ከግቢው አንድ እርምጃ አልራቀም፤ የሄደው በወረቀት ብቻ ነው። በወረቀቱ ግን የወለደችው እናቱ አክስቱ ናት። ሐዘኑ አጭር ነው፤ ልጁንም ከምርጫ አያስቀርም። ሥራ ፈትቼ የዘር ሐረጉን መዝገብ ሳገላብጥ ያገኘሁት ይህንን ነው።

አጎቴ የወፉን ቤት ሲያጸዳ አገኘሁት። ሰንደቁ ቢቆም የምትቀረው የአባቴ ልጅ ብቻ እንደሆነች ነገርኩት። እሱ ውሃውን ቀየረ፤ ጥሬውን ሞላ።

«ፈረንጁ፣ ይሄን ያስተማሩህ እዚያ ነው ወይስ ከእኛው ነው?»

«መዝገቡ ላይ አለ፣ አጎቴ።»

«ጎሽ። ሂድ በል።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እጄ ንጹሕ ነው፤ ሥራውን ምቀኝነት ይሠራልኛል። ሁይሹን ነገሩ አለቀ፣ አትጨነቂ አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች።

ያን ቀን ሰንደቅ አልቆመም። በማግስቱም አልቆመም። ክፋት ይቸኩላል ብዬ ነበር። የሚቸኩለው ሞኝ ክፉ ነው፤ አጎቴ ግን ወፍ ያረባ ነበር። በአስራ አራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጋሪዎቹ በራችን ላይ ቆሙ። እኔም ያን ጊዜ ዕቃ ቤት ገብቼ እንጨቱን ይዤ መውጣት እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁይሹ መጋረጃውን ገለጠች፤ መጀመሪያ ግቢውን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

ከሰዓት በኋላ ሩይፋንግ ሳትመረጥ ተመለሰች። ሁይሹን ግን ለሁለተኛው ዙር ብለው እዚያው አቆዩዋት፤ ከዚያም አልወጣችም።

በማግስቱ አያቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተች። አባቴ ደረቱን እየደቃ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ አይተን አናውቅም አለ። ቀዩን ሰንደቅ በገዛ እጁ አቆመ። እንግዶቹ ሲሄዱ አጎቴ የልብስ አጣቢዋን አስከትሎ ገባ፤ መዝገቡንም በብብቱ ይዟል።

«ወንድሜ፣ እናትህ የሞተችው በስምንተኛው ቀን ነው» አለ። «እኔ አክስቴን ነው የቀበርኩት። አንተ ግን የእናትህን ሞት ደብቀሃል፤ ለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል ታውቃለህ።»

የፈለገው ብዙ አልነበረም። አባቴ ለሐዘን ሲወርድ ወንበሩ ለእሱ እንዲሰጥ እንዲያማልድለት፣ ሁይሹ ሞገስ ካገኘችም መጀመሪያ ለሩይፋንግ ጥሩ ባል እንድትለምንላት ነው።

አባቴ ለምን ቀደም ብሎ እንዳልተናገረ ጠየቀው፤ እውነት ግራ ገብቶት ነበር።

«ቤት የቀረች ልጅ ምን ትፈይድልኛለች?» አለ አጎቴ። ከዚያ ወደ እኔ አመለከተ። «መንገዱን ያሳየኝ ልጅህ ነው። መማር ጥሩ ነው።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከተመለስኩ ወዲህ በአክብሮት ያየኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሹመቴ በሦስተኛው ወር መጣ። ከመሄዴ በፊት ለቤተ መንግሥቱ ሴቶች የጥልፍ ክር የሚገዛውን ጃንደረባ ፈልጌ አንዲት ወረቀት ሰጠሁት። የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ «ያን ማለዳ ታውቂ ነበር?» ለእሷው በእጇ እንደሰጣት በእናቱ መቃብር ማለልኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምርጫ መጥቶ ሄዷል። መልስ አልመጣም።