የሳሎን አየር

«ሴቶቹ ውሸታሞች ናቸው አልወጣኝም» አሉ ዶክተር እሸቴ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ሰው ያጋንናል ነው ያልኩት። መሣሪያ አያጋንንም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሴት ተማክሮ ነው እንዴ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው የሚለው?» ብሩክታይት ከገባች ጀምሮ እንደቆመች ነበረች። «በእርስዎ ቁጥር ከሄድን እኮ ዶክተር፣ አያት ያለ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ከእንጦጦ ጫካ የጠራ አየር አለው። ያውም ከሰል እየነደደበት!»

«ይኑረዋ።»

«ይኑረዋ?»

«መለኪያው ያነበበውን ነው የምጽፈው፤ ተረት አልጽፍም። ያንቺ ምዕራፍና የእኔ ምዕራፍ አይታረቁም። ሪፖርቱ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ ያንቺ ወደ አባሪ ይውረድ።»

«አባሪ ማን ያነባል?»

«እኔ አነብልሻለሁ።»

ቢሮው ጉርድ ሾላ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ክፍል ተከራይቶ በአንዱ የኬሚስትሪ፣ በሌላው የሶሲዮሎጂ ሰዎችን አስቀምጧል። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች መብራት ሲጠፋና ከሰል ሲቀጣጠል ኩሽና ውስጥ ያለችው ሴት ምን ዓይነት አየር እንደምትተነፍስ ማወቅ። ዶክተር እሸቴ ዳቦ የሚያካክሉ ነጫጭ ሣጥኖች አሏቸው፤ ሣጥኖቹ ዓይን የማያየውን ደቃቅ ብናኝ ይለካሉ። ብሩክታይት ደግሞ ጠያቂዎች አሏት። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያውክ በተለያየ ቀን ይሄዳሉ። ይህን ያህል ተከባብረው ሲሠሩ ከርመው ነው ውጤቱ ሲመጣ የተጣሉት።

ዶክተር እሸቴ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። የጥናቱ ሁለተኛ ዙር ከጸደቀ ግን በኮንትራት ይቀጥላሉ፤ ሁለተኛው ዙር የሚጸድቀው ደግሞ በመለኪያዎቹ ቁጥር ነው። ቢሮው ይህን ስለሚያውቅ ከእርሳቸው ጋር ብዙ ርቆ የሚከራከር ሰው አልነበረም። ብሩክታይትም ታውቃለች። ድምጿ ከልኩ በላይ የወጣው አንድም ለዚህ ነው፤ ከሚያሳዝን ሰው ጋር መከራከር ከባድ ነው።

«አንድ ቤት ሄደን እንይ» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ይምረጡ።»

እሳቸው ኮምፒውተሩን ከፍተው ከሁሉም ንጹሕ የሆነውን ቤት ፈለጉና ስሙን አነበቡላት። የአዝመራ ቤት ነበር። ብሩክታይት ሴትዮዋን በደንብ ታስታውሳታለች፤ ራሷ ናት የጠየቀቻት። አዝመራ አያት አካባቢ ለሚሠሩ ሰዎች ምሳ እያዘጋጀች ትሸጣለች፤ ከሰሉ በሚነድበት ሰዓት ትንሿን ልጇን ጎረቤት ታስቀምጣለች።

ሾፌሩ ገረመው ሁለቱ ከኋላ ዝም ብለው ሲቀመጡ በመስታወቱ አያቸው።

«ሬዲዮ ልክፈት ወይስ ጠዋት የሰማነው ጭቅጭቅ ይበቃል?» አለ።

ሬዲዮውን ሳይከፍት በባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ወደ አያት ነዳ።

ብሎኩ ላይ መብራት አልነበረም። ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ የሽንኩርትና የከሰል ሽታ ይመጣል። ዶክተር እሸቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው፤ ቆም ብለው «ደረጃው ነው» አሉ።

አዝመራ ሽርጥ እንዳደረገች በሩን ከፈተች።

«ውይ፣ ዶክተር! ምነው ሳትደውሉልኝ? ብሩኬ፣ አንቺም አለሽበት? ግቡ፣ ግቡ፣ በዚህ በኩል።» የኩሽናውን በር ቶሎ ዘግታ ወደ ሳሎን አስገባቻቸው። ሳሎኑ የተወለወለ ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነው። ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ አዝመራ አንድ ነገር እንደረሳች ሁሉ ድንገት ወደ ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ሄደችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«መልሼ ልሰቅለው ነበር» አለች። «የምትመጡት ሐሙስ ነው ብዬ…»

ዶክተር እሸቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከኋላዋ ያለውን ለማየት ሞከሩ። በሠርግ ፎቶና በፕላስቲክ አበባ መካከል፣ እስከ ታች በሚወርድ ነጭ ዳንቴል የተሸፈነ ነገር ተቀምጧል። አዝመራ ዳንቴሉን አነሳችው። ከሥሩ ሣጥኑ ነበር፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነጭ።

«ኩሽና ውስጥማ ጥቀርሻ ያበላሸው ነበር» አለች፣ በሽርጧ ጫፍ ሣጥኑን እየጠራረገች። «አብረውዎት የመጡት ልጆች ምስማሩ ላይ ሰቅለውት በሄዱ ማግስት ባየው ግራጫ ሆኗል። ደነገጥኩ። የሰው ዕቃ! እርስዎ ደግሞ ‹እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው› ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነው። ሊወስዱት ሲመጡ ብቻ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

ዶክተር እሸቴ እንዲህ ማለታቸው ትዝ አላቸው። በአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። ባለፈው ጥናት ጥቂት መለኪያዎች ተሰብረውባቸው ስለነበር፣ ሣጥኖቹን የሚሰቅሉት ልጆች በየቤቱ ይህንኑ ቃል እንዲናገሩ አዝዘው ነበር።

«ጎረቤቶችሽስ እንዲሁ ናቸው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አይስጉ፣ ዶክተር! ምንትዋብ ቡፌ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ልጆቿ አጉል ናቸው። ከላይ ያለችው መኝታ ቤት ነው ያደረገችው መሰለኝ። ማንም አልነካውም። ልማልልዎት እችላለሁ።»

«አያስፈልግም፤ አምንሻለሁ።»

አዝመራ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። «ጥፋት አለ እንዴ?»

«የለም» አሉ ዶክተር እሸቴ። ዳንቴሉን ከእጇ ተቀብለው ጠርዙን አዩት። «አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ። ለባለቤትዎ እሠራላቸዋለሁ፣ ሲመቸኝ።»

«እጅሽ ይባረክ።»

ከዚያ ኩሽናውን ለማየት ፈቃድ ጠየቁ። እሷ «ተዝረክርኳል» እያለች ከፈተችላቸው። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ምስማሩ ከግድግዳው ጋር አብሮ ጠቁሮ፣ ካልፈለጉት አይታይም። ዶክተር እሸቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከምድጃው አጠገብ ቆሙ። አዝመራ ወጡን አማሰለች፣ በርበሬ ጨመረች፣ እንደገና አማሰለች። የሳቸው ዓይን ማንባት ጀመረ፤ ግን አልወጡም።

«ይውጡ እንጂ አባቴ፣ ያፍንዎታል» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ።»

ሲመለሱ ጉርድ ሾላ ሳይደርሱ መንገዱ ተዘጋጋ። ብሩክታይት እንደዚህ በቀላሉ አሸንፋ አታውቅም፤ ደስታ ግን አልመጣላትም።

«ዶክተር» አለች። «‹በአንዳንድ ቤቶች የመለኪያው አቀማመጥ ሊለያይ ይችላል› ብለን አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምርስ? የእርስዎ ምዕራፍ ይቆያል፣ የኔም ይገባል። ማንም አይጠይቅም።»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? ጠዋት ጣራውን ልታነሺው አልነበረም?»

«ጠዋት ሌላ ነው።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «እኔም እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠይቄያታለሁ። ዳንቴሉን አይቼዋለሁ። ያምራል ብያታለሁ። ዲኮደር መስሎኝ ነበር።»

«ዲኮደር?»

«የቴሌቪዥን።»

ዶክተር እሸቴ ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው ነበር፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ገረመውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ።

«ይቅር፣ ብሩክታይት» አሉ ሲረጋጉ። «ያቺ ዓረፍተ ነገር ትቅር። ሣጥኑ ሳሎኑን ነው የለካው፤ ሳሎኑ ደግሞ ንጹሕ ነው።»

«ሁለተኛው ዙርስ? የእርስዎ ኮንትራትስ?»

«እሱን ተይው።»

በቀጣዩ ሳምንት ሣጥኑ የት ተቀምጦ እንደነበር በየቤቱ እየደወሉ ጠየቁ። አንዳንዷ በኩራት፣ አንዳንዷ እየፈራች መልሳለች፤ ሣጥኑን ኩሽና ውስጥ የተዉት ጥቂቶች ናቸው። ዶክተር እሸቴ ምዕራፋቸውን ራሳቸው ቆርጠው በሁለት ገጽ ተኩት።

የጥናቱ ውጤት የቀረበው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ ነው። ዶክተር እሸቴ የተናገሩት አጭር ነበር። «የለካነው ሴቶቹ የሚያበስሉበትን አየር አይደለም። ቁጥሮቹን አትጠቀሙባቸው። ስሕተቱ የሴቶቹ ሳይሆን የእኔ መመሪያ ያመጣው ነው» ብለው ተቀመጡ። የጥናቱ አስተባባሪ ዶክተር ነህምያ ጉሮሮውን ጠራርጎ አመሰገናቸው፤ ገንዘብ ከሚሰጠው ድርጅት የመጡት ሁለት ሰዎች ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው አወሩ። ከዚያ ብሩክታይት ተነሣች። ሴቶቹ ያሉትን በቃላቸው አነበበች፤ ሣጥኖቹ ለምን ከኩሽና እንደወጡም ተናገረች። አዳራሹ ሳቀ፤ ወዲያው እጆች መነሣት ጀመሩ።

«በአንድ ቀን አብረን መሄድ ነበረብን» አለ ከኬሚስትሪ ክፍል የመጣው ወጣቱ ዋቅቶላ። «ደግሞ ሣጥን መስቀሉ ራሱ ቀርቶ፣ ትንንሹን መለኪያ ሴትዮዋ አንገት ላይ ብናንጠለጥለውስ?»

«አንተ አንገት ላይ ይንጠልጠላ!» አለችው ብሩክታይት። «እሱን አድርጋ ገበያ ትውጣ?»

«ትውጣ! የሄደችበትን ሁሉ ይለካል።»

«እንግዳ ሲመጣስ? አውልቃ ዳንቴል ታለብሰዋለች።»

ዶክተር ነህምያ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ሁለተኛውን ዙር ብሩክታይትና ዋቅቶላ አብረው እንዲያቅዱት ሐሳብ አቀረበ። ከድርጅቱ የመጡት ሰዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋቅቶላ ትንሹ መለኪያ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማንም ሳይሆን ጠየቀ፤ ዶክተር እሸቴ ከኋላ ወንበር ሆነው መለሱለት። ዋቅቶላ ያሉትን ወረቀቱ ላይ ጻፈና ወደ ብሩክታይት ዞረ።

ብሩክታይት ነጩ ሰሌዳ ላይ የኩሽና ሥዕል ጀምራለች። ምድጃው የት እንዳለ፣ ሴትዮዋ በየት በኩል እንደምትቆም ስታሳይ ብዙ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ከበባት። ዶክተር እሸቴ ኮታቸውን ለብሰው ወንበራቸውን ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መለሱ። የምሳ ሳህን ተሸክሞ የሚገባ አስተናጋጅ በሩን በጀርባው ገፍቶ ያዘላቸው፤ በጎኑ አለፉና ወደ ደረጃው ወረዱ።