የመበለቷ ቀሚስ በሦስት ቅጂ

ሀያት ሙሄ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ከአባቷ በወረሰችው የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ፈይሰል ደግሞ እዚያው ጎኗ ባለች ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ የቪዲዮ ካሴትም ያከራያል። በመካከላቸው ያለው በር ስለማይዘጋ ፈይሰል የሚሞክረውን ፊልም ሁሉ ሀያት ከመኪናዋ ቀና እያለች ታየዋለች። አብዛኛው ተኩስና ካራቴ ስለሆነ ብዙም አይስባትም። አንዱ ፊልም ግን በታየ ቁጥር እግሯን ከመርገጫው ላይ ያስነሳት ነበር።

ፊልሙ የጀርመን ነው፤ ንግግሩ በእንግሊዝኛ የተተካ፣ የጥንት ዘመን ታሪክ። አንድ ደወል ሠሪ በጦርነት ይሞታል። ሚስቱ ሥራውን እኔ ልቀጥል ስትል የከተማው ሹማምንት "ሴት ነሐስ አቅልጣ ደወል አታፈስም" ብለው ይከለክሏታል። በጀርመንኛ የተጻፈውን ርእስ ማንበብ የሚችል ስላልተገኘ ሰው ሁሉ "የመበለቷ ፊልም" ይለው ነበር። ተከራዩ ጥቂት ነው። ሀያት ግን መበለቷ በዳኞች ፊት ብቻዋን ቆማ፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንስታ የምትምልበትን ቦታ ሳታይ አታልፍም። አባቷ ሞቶ መኪናው ፊት የተቀመጠች ሰሞን፣ ከወንዶቹ ልብስ ሰፊዎች መካከል "ይቺ ልጅ ደግሞ ምን አመጣት" ያላላት አልነበረም። ያኔ ይችን ሴት እያየች ነበር የምትጽናናው።

በ1997 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሙሉ መጣች። ሙሉ የጋፋት ገበሬ ልጅ ናት፤ አሁን ነርስ ሆናለች። ሠርጓ ለግንቦት ተቆርጧል።

"ለመልስ የምለብሰውን አንቺ ነሽ የምትሰፊልኝ" አለቻት፣ ገና ሳትቀመጥ። "የመበለቷን ቀሚስ።"

ሀያት የቀልድ መሰላት። "የትኛዋን መበለት?"

"የፊልሟን ነዋ! ዳኞቹ ፊት የቆመችበትን።"

"ሙሉ፣ ሰው ምን ይላል? የሐዘን ልብስ እኮ ነው።"

"እኔ የወደድኩ ቀሚሱን እንጂ ሐዘኗን አይደለም። ስትቆም አላየሻትም? እንደዚያ ሆኜ ነው መቆም የምፈልግ።"

የሙሉ እናት፣ እትዬ ብዙነሽ፣ ወሬውን ሲሰሙ ከጋፋት ድረስ መጡ። በሩ ላይ እንደቆሙ "ሀያት፣ ልጄን ጥቁር አልብሰሽ ልትድሪያት ነው?" አሉ። ሀያት አንገቷን ደፍታ "እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ልሞክረውና ይዩት" አለች። እሳቸውም "እግዜር ይይልሽ" ብለው፣ ቅር እንዳላቸው ሄዱ።

ሀያት በአቡጀዲ ሙከራውን ሰፋች። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ እጅጌው ከትከሻው ላይ ነፋ ብሎ ወደ አንጓ የሚጠብ፣ ታቹ ሽንሽን። ሙሉ ለብሳው መስታወቱ ፊት ስትቆም ልክ እንደ ፊልሟ ሴትዮ ሆነች። ፈይሰልም ከወዲያኛው ክፍል ብቅ ብሎ "ዋ!" አለ።

"ቆይ፣ እስክስታ ልሞክርበት" ብላ ሙሉ እጇን ስታነሳ ወገቡ አብሮ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ትከሻዋን ስትሰብቅ ደግሞ ብብቱ ጠርርር ብሎ ተቀደደ። ሦስቱም ሳቁ። ሙሉ ከሄደች በኋላ ግን የሀያት ሳቅ ጠፋ። መበለቷ እጇን እስከ ላይ ድረስ ነው የምታነሳው። የሷ ወገብ ለምን አይነሳም?

"ፈይሰል፣ እስቲ ካሴቱን አግባና እጇን ስታነሳ አቁምልኝ።"

አቆመላት። ሥዕሉ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ነጭ መስመር ልክ በብብቷ ላይ ተጋድሞ እየዘለለ አላሳይ አለ። ፈይሰል የማጫወቻውን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ጠርጎ ደገመው። መስመሩ ከብብት ወደ ጉንጭ ወጣ እንጂ አልጠፋም፤ ብብቱም ጥቁር በጥቁር ሆኖ ምንም አይለይበት።

"ካሴት እንዲህ ነው" አለ ፈይሰል፣ የራሱ ጥፋት ይመስል እየተቅለሰለሰ። "ሚስራ ትፈልግልን እንደሁ ልጠይቃት።"

ሚስራ ጅዳ የምትሠራ እህቱ ናት። ከፋሲካ በፊት በመንገደኛ ሁለት የቪሲዲ ዲስክ ላከች፤ አንዱ ፊልም ለሁለት ተከፍሎ ማለት ነው። ከታች የዐረብኛ ጽሑፍ አለው። ፈይሰል ቁርኣን ቤት የተማረ ስለሆነ ፊደሉን አሳምሮ ያነበዋል፤ የሚለውን ግን አያውቀውም። ቪሲዲው ሲያቆሙት እንደ ፎቶ ቀጥ ይላል። ሀያት ደስታዋን አልቻለችውም፤ የወገቡን ሽንሽን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ አንገትጌው እንዴት እንደተኛ በጠመኔ ጨርቅ ላይ ሣለች። የብብቱ ነገር ሲመጣ ግን ተስፋ ቆረጠች። ሴትዮዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሰውነቷ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘን ይበተናል፤ ቀሚሱም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው። ፈይሰልን ያናደደው ደግሞ ሌላ ነው፤ ደወሉ የሚፈስበትን ቦታ ጨርሶ ቆርጠው አውጥተውታል።

"እንዴት ይሄን ይቆርጣሉ!" እያለ ሲብሰከሰክ ዋለ። "ፊልሙ እኮ እሱው ነው!"

ሦስተኛውን ቅጂ ያመጣው አሚን የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። ባሕር ዳር ይሠራ የነበረ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዕቃውን ላጓጓዘለት ለአሚን የዲቪዲ ክምር ትቶለት ነበር። አሚን ሽፋኑ ላይ ደወልና ሴት ቢያይ የፈይሰል ጭቅጭቅ ትዝ ብሎት ይዞለት መጣ።

ፈይሰል አስገብቶ ገና ከመጀመሩ "ወይኔ!" አለ። "ከላይና ከታች በጥቁር ሸፍነውታል! ግማሹን በልተውብናል።"

ሀያት ግን ወንበሯን እየሳበች ቀረበች። የሴትዮዋ ፊት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ምልክት ትታያለች። የእንጨቱ ጠረጴዛ ጭረት፣ የዳኞቹ አንገትጌ ላይ ያለው ጥልፍ ሁሉ ይለያል። መሐላው ዘንድ ሲደርሱ ጮኸች።

"አቁም! ቀይ ነው!"

ቀሚሱ ጥቁር አልነበረም። ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነበር፤ ብርሃኑ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ እንደ ፍም የሚቀላ።

"ሐዘኗን አውልቃ ነው ዳኞቹ ፊት የቀረበች" አለች ሀያት ቀስ ብላ። "እንደ መበለት አይደለም የመጣች። እንደ ባለሙያ ነው።" ወዲያው ደግሞ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዳር ቀሰረች። "እነዚህስ ሴቶች ከየት መጡ?"

ከመበለቷ በስተኋላ፣ በግራ በኩል፣ ጎረቤቶቿ የሆኑ ሴቶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዷማ የቀሚሷን ጫፍ ከወለሉ እርጥበት አንስታ ይዛላታለች። ፈይሰል ሌላ ቴሌቪዥን አምጥቶ ካሴቱንም ጎን ለጎን ከፈተ። እዚያ ሴቶቹ የሉም። የካሴቱ ሥዕል ቴሌቪዥኑን ጢም ብሎ ይሙላ እንጂ፣ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ነው የሞላው። ከላይና ከታች ጥቁር የሆነው ዲቪዲ ነበር ሙሉው።

ሀያት ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን የቆመች ሴት ነበር የምታየው። አሁን እነዚያን ጎረቤቶች እያየች ትዝ ያላት፣ መኪናው ፊት በተቀመጠች ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ብዙነሽ ከጋፋት ወርደው በሯ ላይ ጥጥ እየፈተሉ የሚውሉት ነገር ነው። "ልብስ እስኪደርስልኝ ነው" ይሉ ነበር። የሚደርስ ልብስ ግን አልነበራቸውም።

"ምን ሆንሽ?" አላት ፈይሰል።

"ምንም። እትዬ ብዙነሽን አስጠራልኝ፤ እሳቸውም ይዩት።"

ቅዳሜ መጡ፤ ሙሉም ነበረች። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አመቻችተው፣ የፊልሙን መሐላ ከዳር እስከ ዳር አዩ። ቀሚሱን ሳይሆን ጫፉን የያዘችዋን ሴት ነበር ልብ ብለው ያዩት። ሲያልቅ ወደ ሀያት ዞሩ።

"ይሄ የሐዘን ልብስ ነው ያለው ማን ነው? ስፊላት እንጂ።"

"እትዬ፣ ብብቱ ነው ያቃተኝ።"

ይኼን ጊዜ ፈይሰል በሪሞቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ከፊልሙ ሌላ የሆነ ነገር ከፈተ። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ያደረገች አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ያ ቀሚስ ነው። ለፊልሙ የሰፋችው እሷ መሆኗ ነው። ካሴቱም ቪሲዲውም ይሄ ነገር የላቸውም። ሴትዮዋ በጀርመንኛ ታወራለች፤ ከቤቱ አንድ ቃል የሚያውቅ የለም። እሷ ግን እያወራች ቀሚሱን አነሳችና ገለበጠችው፤ ገበሩን፣ ስፌቱን፣ የውስጡን ሁሉ ዘረጋችው።

ሀያት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

አሮጊቷ ጣቷን በእጅጌው አስገብታ ብብቱን ወጠረች። እዚያ፣ እጅጌውና ደረቱ በሚገናኙበት፣ መዳፍ የማትሞላ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ በሰያፍ ገብታለች። እጅ ሲወርድ ትታጠፋለች፤ እጅ ሲነሳ ትከፈታለች። ስለዚህ ነው ወገቡ የማይነሳው።

"አየኋት!" አለች ሀያት። "እይዋት፣ በሁለት ክር ነው የሰፋችው፤ ዳሩንም በእጇ ቀምቅማዋለች። ማንም የማያየውን ቦታ እኮ ነው! ማን ብሎ ሊያየው!" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አቤት ሙያ! አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።"

"አሜን" አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ሀያት ሙከራውን ተርትራ እንደገና ጀመረች። ወይን ጠጁን ጨርቅ አሚን ከባሕር ዳር አመጣላት። ቁራጯን በሰያፍ አስገባች፤ ዳሩንም እንደ አሮጊቷ በእጇ ቀመቀመች። ለመልሱ ዕለት ጋፋት ላይ በተተከለው ዳስ ሙሽራዋ ሙሉ፣ ቀሚሱን ለብሳ ስትገባ እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። ማሲንቆው ሲነሳ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቀጥላም ወደ ላይ አንስታ ትከሻዋን ሰበቀችው። ወገቡ አልተነሳም፤ አንድም ክር አልተበጠሰም። እትዬ ብዙነሽ ሀያትን ከሴቶቹ መካከል እጇን ይዘው አወጡና "የሰፋችው ይቺ ናት" አሉ፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ። ሀያት መግቢያ አጣች።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ገበያውን ባዶ ባደረገበት አንድ ከሰዓት፣ ፈይሰል "እንግዲህ የትኛው ነው የሚሻለው?" ሲል ጠየቃት።

"ለዓይን ዲቪዲው፤ ምን ጥያቄ አለው" አለች። "ድምፁ ግን የካሴቱ ይበልጥብኛል። ያቺ በእንግሊዝኛ የምትናገርላት ሴት ድምፅዋ ከደረቷ ነው የሚወጣው። የዲቪዲዋ ቀጠን ይልብኛል።"

ፈይሰል ጥቂት አሰበና ሁለቱንም ማጫወቻ አሰናድቶ የዲቪዲውን ድምፅ ዘጋ፤ የካሴቱን ሥዕል ሸፈነ። እኩል አስነሳቸው። መጀመሪያ ላይ ግሩም ሆነ፤ የአንዱ ሥዕል ከሌላው ድምፅ ጋር ገጠመ። ትንሽ ቆይቶ ግን ማጫወቻዎቹ እኩል እንደማይሮጡ ታወቀ። መሐላው ላይ ሲደርሱ መበለቷ አፏን ዘግታ ትምላለች፤ ቀጥሎ በመበለቷ ከንፈር የዋናው ዳኛ ጎርናና ድምፅ ወጣ። ሀያት በሳቅ ፈርሳ መቀሱ ከጭኗ ወደቀ።

"አጥፋው!" አለች፣ እየሳቀች። "አጥፋው፣ ኧረ በአላህ!"

ፈይሰልም እየሳቀ ስለነበር የትኛውን ማጥፋት እንዳለበት ጠፋው።