ሰማያዊዋ ጃኬት

ነርሷ ሦስተኛውን የዝናብ ጃኬት እስከ አገጯ ቆልፋ የሱቁ መስታወት ፊት ቆመች፤ ትንፋሿ ግን ከድቷት ነበር። ጃኬቱ ሰው ትከሻዋ ላይ የተቀመጠባት ያህል ይከብዳል። ታናሽ እህቷ እንዳታውቅባት ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«በቃ እሱ ነው!» አለች ታናሺቱ። ልብስ ሰፊ ናትና ጠርዙን እያገላበጠች ታየዋለች። «ጨርቁ እኮ ግድግዳ ነው። በዚህ ውስጥ ብርድ አያገኝሽም።»

«ብርዱማ አያገኘኝም፤ እኔም ተራራውን አላገኘውም።»

ሻጯ ሳቋን ዋጠች።

ሁለቱ እህቶች ተራራ ለተራራ ለሳምንት የሚያስኬደውን መንገድ ለመጓዝ ካሰቡ ዓመታት አልፈዋል። አንዴ የሥራ ፈረቃ፣ አንዴ የልጅ ትምህርት ሲያስተጓጉላቸው ቆይቶ፣ አምና ደግሞ ነርሷ ራሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ታማ ተኛች፤ ከግራ ሳንባዋ ከፊሉን ቆርጠው አወጡላት። አሁን ሐኪሟ «ሸክምሽን ቀንሰሽ ቀስ ብለሽ ከሄድሽ አልከለክልሽም» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ሳይቀር በእጇ እየመዘነች ነው የምትገዛው። የቀራት የዝናብ ልብሱ ብቻ ነበር።

ሻጯ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጭብጥ የምታክል ነገር አውርዳ ዘረጋችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ሰማያዊ ጃኬት ናት።

«ቀላል ናት፤ ዝናቡንም ትችላለች» አለች። «ግን አልዋሽዎትም፣ እሾህ ከያዛት ትቀደዳለች። ዳገት ላይ ደግሞ ብብቷ ሥር ያለውን ዚፕ ይክፈቱት፤ አለበለዚያ በዝናቡ ሳይሆን በላብዎ ነው የሚርሱት።»

ታናሺቱ ጃኬቷን ገልብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች። «ከውስጥ ታሽጓል» አለች ሳትወድ። «ቢሆንም ይሄ ልብስ ነው? ፌስታል እኮ ነው! እትዬ፣ ወፍራሙን ውሰጂ። ሲከብድሽ እኔ እይዝልሻለሁ።»

«ዝናብ ሲመጣ የምለብሰው እኔ ነኝ። ያኔ እንዴት አድርገሽ ነው የምትይዥልኝ?»

 የታናሺቱ ዓይን እንባ አቀረረ። «እውነቱን ልንገርሽ? እዚህ ስትመጪ ስለ ጉዞው ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ ብዬ ነበር። ለራሴ ምንም አልገዛሁም። የቀዶ ጥገናው በር እስኪከፈት ኮሪደሩ ላይ የጠበቅኩት አሁንም ከሆዴ አልወጣም።»

ነርሷ መጀመሪያ ደሟ ፈላ። ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ሰው እንደ እንቁላል ሲይዛት መርሯታል። ከዚያ የእህቷን ፊት አየችና ንዴቷ በረደ። ያን ቀን እሷ ማደንዘዣ ወስዷት ተኝታ ነበር፤ ፍርሃቱን የቀመሰችው ይህቺ ናት።

«ሚጢ፣ ነይ በሩ ላይ ቁሚ» አለቻት።

ሰማያዊዋን ለበሰችና ሻጯን አስፈቅዳ ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል። ከሱቁ ጎን ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጣ ረጅም ደረጃ አለ። ቆቡን ደፍታ መውጣት ጀመረች፤ አልቸኮለችም። መሐል ላይ ስትቆም ታናሺቱ ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሳች። ነርሷ ግን የብብቷን ዚፕ ከፍታ ቀጠለች። ጫፉ ላይ ደርሳ እጇን አውለበለበች።

ወርዳ ስትገባ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ታናሺቱ እጇን በጃኬቱ አንገት አስገብታ ጀርባዋን ዳሰሰች።

«ደረቅ ነሽ።»

«ትንፋሼስ?»

ታናሺቱ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ነርሷ ታለከልካለች፤ ግን ደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያለከልከው ነው።

«ከእኔ አይብስም» አለች በመጨረሻ፤ ፊቷ ፈካ። ወደ ሻጯ ዞራ «ለእኔም አንድ አምጪልኝ። ሰፋ ያለ ይሁን፤ እኔ እንደሷ ሸምበቆ አይደለሁም» አለች።

ሻጯ ሁለት አወጣች፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ደማቅ ብርቱካናማ። ታናሺቱ እጇን ወደ ግራጫው ሰደደች።

«ብርቱካናማውን ስጪያት» አለች ነርሷ።

«ምነው? የእሳት አደጋ ሠራተኛ መስዬ ልሂድ?»

«ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ዞር ባልኩ ቁጥር በተራራው ጉም ውስጥ እንድትታዪኝ።»